ዳዕም ለዴም

ካርቱም ሄጄ መምጣቴን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ ሙቀት ነው፣ ምን ልበላችሁ፤ መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ከዚያ ያናድዳል፣ ከዚያ ይረሳል። እኔ የምነግራችሁ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው በኔ ምክንያት በአንድ ሌሊት እንዴት እንደደኸየ ነው። ከመነሻው ካልጀመርኩ ደግሞ ማንም አያምነኝም።

ሐሙስ

ስሜ ትዕግስት ነው። እናቴ ያየችብኝን ሳይሆን የተመኘችልኝን ነው ያወጣችው። ማኅበራዊ ፖሊሲ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ደሴ እናቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ ሳመለክት ካርቱም ለሚደረግ ዐውደ ጥናት ተጋበዝኩ። ርዕሱ «ዳዕም» ነው፤ በዐረብኛ ድጎማ ማለት ነው። መንግሥት ከዳቦና ከነዳጅ ላይ ድጎማውን ሲያነሳ በምትኩ ለሕዝቡ ምን ይስጥ፣ ለማንስ ይስጥ ነው ነገሩ። የመመረቂያ ጽሑፌም በዚሁ ላይ ስለነበር ደስ አለኝ። የኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ለሁሉም ስጥ፣ ከሀብታሙ በግብር መልሰህ ውሰድ። «አንተ ደሃ ነህ፣ አንቺ አይደለሽም» እያሉ ሰው ሲመርጡ መዋልን አልወደውም።

ትኬቱ በኢሜይል መጣ። ሳየው ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይላል። የመሄጃ የለም። ደወልኩ።

«ትክክል ነው፣ የመመለሻው ነው» አለችኝ አስተባባሪዋ።

«መሄጃውስ?»

«እሱ በጀት ላይ አልተያዘም።»

«ካልሄድኩ በምን እመለሳለሁ?»

«ጥሩ ሐሳብ ነው። በውይይቱ ላይ ብታነሺው ደስ ይለናል» አለችኝ።

እናም በአውቶቡስ ልሄድ ተነሳሁ። እናቴ በላስቲክ ላይ ላስቲክ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ላስቲክ ያሰረችውን በርበሬ ጭናብኝ ሸኘችኝ። በርበሬው ለሉባባ የሚደርስ ነው። ሉባባ ድሮ ግድግዳ የምንጋራት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ካርቱም ሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ እዚያው ቀረች። «እሷን ሳታይ ብትመለሺ ቤቴ እንዳትገቢ» አለች እናቴ። ሻንጣዬ እስከ ጎንደር ድረስ ሲያስነጥሰን ሄደ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ «ልጄ፣ ምን ይዘሻል?» አሉኝ። ፖሊሲ አልኳቸው።

ጎንደር ያደርኩበት አልጋ ቤት በሩ የሚቆለፈው በውጭ ብቻ ነው። ዘበኛው «ሌባ እንዳይገባብሽ» ብሎ ቆልፎብኝ ቁልፉን ይዞ ጠዋት ቅዳሴ ሄደ። በመስኮት ስጮህ ሰምተው ያወጡኝ የመጋዘን ተሸካሚዎች ናቸው፤ ሻንጣዬን አስቀድመው፣ እኔን አስከትለው በመስኮት አወረዱኝና መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሻንጣውን የያዘው ልጅ ብቻ እያስነጠሰ ቀረ።

አርብ

ከጎንደር መተማ መንገዱ ቁልቁል ብቻ ነው። በየመታጠፊያው አንድ ልብስ እናወልቃለን፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ከዚያ ሹራብ፣ መተማ ስንደርስ ወንዶቹ በካናቴራ ነበሩ። እኛ ደሴ ብርዱን እናማርራለን። ሁለተኛ አላማርርም ብዬ ነበር፣ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ጀምሬያለሁ።

ድንበሩ ላይ የሱዳን ፖሊስ ለምን እንደምትሄጂ ንገሪኝ አለኝ። ዐረብኛዬ ከስልክ የተለቀመ ነው። «ፈቅር» አልኩት። ድህነት ማለት ነው፤ ለድህነት ጉዳይ ነው የምሄደው ማለቴ ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝ። አስተርጓሚውን ጠራና አንድ ነገር ነገረው።

«ድህነትማ እናንተም ጋ አለ፣ ምን እዚህ ድረስ አለፋሽ ነው የሚልሽ» አለኝ አስተርጓሚው።

ፖሊሱ ማኅተሙን መታልኝና ከሚጠጣው ሻይ ግማሹን ቀድቶ ሰጠኝ።

ቅዳሜ

ከድንበር ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም ሜዳ ነው። ሜዳ ስላችሁ ዝም ብሎ ሜዳ። ደሴ ኳስ በኃይል ከተመታ ገደል ነው የሚገባው፤ እዚህ አንዴ ቢመቱት የሚያቆመው ያለ አይመስልም። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ስሜን ሳይጠይቁ ጠዕሚያ በዳቦ ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡ። የባቄላ ጥብስ ነገር ነው። አልበላም ስል ያዘኑ መሰለኝና በላሁ። ስጨርስ ሌላ ጠቀለሉ። እኛ አገር ሦስቴ እንቢ ብለሽ በአራተኛው ትበያለሽ፤ እዚያ እንቢታ የሚባል ነገር የሚሰማው የለም።

አመሻሽ ላይ ካርቱም፣ ከአል-ሳሃፋ ሰፈር ወዲህ ያለው መናኸሪያ ወረድን። አንድ ሽማግሌ ባለ ረክሻ መጡ፤ ረክሻ የኛው ባጃጅ ነው። ስማቸው ዐም ኢድሪስ ነው፤ ዐም አጎት ማለት ነው፣ ለሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ይባላል። የዐውደ ጥናቱን ቦታ ሊያውቅ የሚችል ሰው ስለመሰሉኝ ርዕሱን ነገርኳቸው።

«ዳዕም» አልኩ።

አልኩ ብዬ ነው እንጂ አላልኩም። ፊደላችን ላይ ዐይኑ ዐ አለ፣ ጉሮሯችን ውስጥ ግን የለም። ከኔ አፍ የወጣው «ዳም» ይሁን «ዴም» እኔም አላውቅም።

«ዴም፣ ጠይብ» አሉና አስነሱ። ጠይብ እሺ ነው። ዴም ደግሞ ሐበሻ የሞላበት ሰፈር ነው፣ ከሳጃና ጎን፤ ሻንጣ የያዘች ሐበሻ ከዚያ ሌላ የት ትሄዳለች? እኔም ሉባባ እዚያ እንደምትኖር አላውቅም ነበር። የነበረኝ ስልኳ ብቻ ነው። ረክሻው ጠባብ መንገድ ገብቶ ሲቆም «እዚህ አይደለም» ብዬ የግብዣውን ደብዳቤ ከስልኬ ላይ አሳየኋቸው። አነበቡት። ፊታቸው ተቀየረ።

«ኣኣ፣ ዳዕም!» አሉ፣ ከጉሮሮ ስር አውጥተው። ከዚያ ሰፈሩን በእጃቸው እያሳዩ፣ ከተሳፋሪ በለቀሙት አማርኛ፣ «አንቺ ዳዕም ነሽ። ዳዕም ለዴም። ገባኝ፣ ገባኝ።»

ሂሳብ ስሰጣቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አልቀበልም አሉ። ሉባባን ደውዬ ሳገኛት ከቆምንበት ሁለት በር አለፍ ብሎ ካለው ግቢ ነው የወጣችው። ያን ማታ ማስታወሻዬ ላይ ስለ ሱዳን ሕዝብ ደግነት ረጅም ነገር ጻፍኩ። ደጎች ናቸውም፤ የዚያን ቀኑ ግን ሌላ ነበር።

ሉባባ የምትኖረው ሀጃ ሰዕዲያ የሚባሉ ባለቤት በሚያከራዩት ግቢ ውስጥ ነው፤ ክፍሎቹን ሁሉ የያዙት የወሎ ሴቶች ናቸው። ገና ተቃቅፈን ሳንላቀቅ ሀጃ በራቸው ላይ ካሠሩት የሲሚንቶ መቀመጫ ላይ ሆነው «ሉባባ፣ ሞያ ማፊ» አሏት። ማፊ የለም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ደሜ ፈላ።

«ሞያ የላትም ነው የሚሉሽ? አንቺን?» አልኩ።

ሉባባ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ሞያ ውሃ ነው። ውሃ የለም ነው የምትለኝ። ወላሂ በአማርኛ ቢሆንማ እኔም አልለቃት።»

ሀጃ ሊነግሯት የፈለጉት የአህያ ጋሪው ውሃ ሻጭ ሳይመጣ መዋሉን ነው። ራሳቸው ጣሪያቸው ላይ ታንከር አላቸው፣ በቦቴ ያስሞሉታል። የሚጠጣ ውሃ በእንስራ ሞልተው በራችን ላይ ያስቀምጡልናል፤ ልብስ የሚታጠብበት ግን አይሰጡም።

ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሉባባ ብዙ ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ የተኛችው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፣ በጋዝ ሲሊንደርና በሽንኩርት ጆንያ መሐል። አሁን ግን ካህረባው፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ሲጠፋ ሲጠፋ የዐማራት ሀብታሞች ልብስ ማጠቢያ ማሽን መሥራት አቆመ። ሉባባ ሥራ ለቀቀች፣ ክፍል ተከራየች፣ የነሱን አንሶላና ጀለቢያ በእጇ ማጠብ ያዘች። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዋ ይደራል። ከዚያ ደግሞ የመንገዳችን ቧንቧ ቀጥ አለ። የጋሪ ውሃ ገዝታ ስታጥብ ምንም አይተርፋትም። የድሮ ማዳሟ «እስከ ሮብ ካልተመለስሽ ሌላ እቀጥራለሁ» ብላታለች።

«ሐነፍያው እስከ ሮብ ከመጣ መጣ» አለችኝ የደረቀውን ቧንቧ፣ ሐነፍያ የሚሉትን፣ በእግሯ ገፋ አድርጋ። «ካልመጣ ሽንኩርቱ ጋ ነኝ።»

የተኛሁት በሷ አልጋ ነው። እሷ መሬት ተኛች፣ ብጨቃጨቃትም አልሰማችኝም።

እሁድ

ዐውደ ጥናቱ ዐማራት ነው። ስሙን ስሰማ የአማሮች ሰፈር መስሎኝ ለእናቴ ሁሉ ነግሬ ነበር። አማራ የለበትም፤ ቪላ፣ ኤምባሲና ቁጥር ብቻ ያላቸው መንገዶች ናቸው።

ሆቴሉ ክፍል ይዞልኛል። ቁልፉን ተቀብዬ በሩን ስከፍት አንድ ግዙፍ ሰውዬ በፒጃማ ቆመዋል። ከናይሮቢ የመጡ ተካፋይ ናቸው።

«ሚስተር ትዕግስትን ነው የምጠብቀው» አሉኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

የፒጃማቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «እንግዲያው ሚስተር አይደሉም» አሉ በመጨረሻ፣ በጣም አዝነው። ሌላ ክፍል የለም ተባለ፤ ሉባባ ጋ ማደሬ ቁርጥ ሆነ።

አወያዩ የመጀመሪያው ሥራችን ደሃ ማለት ማን እንደሆነ መወሰን ነው አሉን። በየወረቀቱ እየጻፍን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እኔ እጄን አውጥቼ «ለሁሉም ይሰጥ ካልን መወሰን አያስፈልገንም፣ በግማሽ ቀን ጨርሰን እንወጣለን» አልኩ። አወያዩ ፈገግ ብለው «የወጣት ሐሳብ ነው፣ እናከብረዋለን» አሉና ቀጠሉ። አንዱ ፍሪጅ ያለው ሰው ደሃ አይደለም አለ። ሌላዋ፣ መብራት ከሌለ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ነው አለች። በዚህ ላይ እየተጨቃጨቅን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር እስኪነሳ በጨለማ «ፍሪጅ»፣ «ቁም ሳጥን» መባባሉ ቀጠለ። ምሳ ላይ ሥጋ በሦስት ዓይነት ነበር። በድህነት ስብሰባ ላይ እንደበላሁት በልቼ አላውቅም።

ማታ የመለሱኝ ዐም ኢድሪስ ናቸው፣ አሁንም በነፃ። ዛሬ ምን ተባለ አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ «ፍሪጅ ያለው ደሃ አይደለም ተባለ» አልኳቸው። ረክሻውን ቀስ አደረጉት።

«ዲሽስ?» አሉ።

«ዲሹም አጠያያቂ ነው» አልኩ። እየሳቅኩ ነበር። እሳቸው አልሳቁም።

ሰኞ

ጠዋት ከስብሰባው መልእክት ደረሰኝ፦ የተቃውሞ ሰልፈኛ ጎማ አቃጥሎ መንገድ ስለዘጋ ዛሬ የለም። ልተኛ ስል ሉባባ ቀሰቀሰችኝ።

«ተነሺ። ድህነት መጥቷል» አለች።

በሩ ላይ ሰልፍ ነበር። እስከ መንገዱ ጫፍ። ማታ ጣሪያው ሁሉ ዲሽ ነበረው፤ አሁን አንድም አይታይም። አንድ ጎልማሳ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ትላንት ግን ኳስ ሲጫወት አይቼዋለሁ። ከፊት ለፊታችን ሁለት ጎረቤታሞች መንገድ መሐል ቆመዋል፤ አንዱ ፍሪጁን በጋሪ ወደ ሌላው ቤት ሊደብቅ እየወሰደ፣ ሌላውም የራሱን ወደዚያኛው ቤት እየወሰደ ተገናኝተው። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከሁሉ ፊት የተሰለፉት ሀጃ ሰዕዲያ ናቸው። የለበሱት ቶብ፣ ሴቶቹ የሚጠመጠሙት ረጅሙ ጨርቅ፣ ብጭቅጭቁ ወጥቷል።

«የኔ ነው» አለችኝ ሉባባ በጆሮዬ። «መሬት የምወለውልበት። ሌሊት ከገመድ ላይ ጠፋ ብዬ ነበር።»

ሀጃ ወደ ሰማይ አይተው በዐረብኛ ተናገሩ፤ ሉባባ ታስተረጉማለች። «ባል የለኝ፣ ጉልበት የለኝ፣ ወላሂ ቤቴ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም ነው የምትልሽ።» ጣሪያው ላይ ያለው ታንከር ብርድ ልብስ ለብሷል።

እኔ የማከፋፍለው ነገር የለም አልኩ። ተማሪ ነበርኩ፣ አሁን ደግሞ ሥራ አጥ ነኝ አልኩ። ድጎማ አከፋፋይ መጥታለች ብለው ወሬውን የነዙት ዐም ኢድሪስ ለሰልፉ ዞረው አስረዱልኝ።

«ምን አሏቸው?» አልኳት ሉባባን።

«እውነተኛዎቹ ሁሌ እንዲህ ነው የሚሉት፣ አትልቀቋት አላቸው።»

ትዕግስቴ አለቀ። የምትመርጥ ሴት ከፈለጉ ልምረጥላቸው ብዬ ሳጥን ላይ ወጣሁ። «አንተ ፋሻውን ፍታ። አንቺ እነዚህ ልጆች ያንቺ አይደሉም፣ ይሄኛው ቅድም ከሌላ ሴት ጋር ቆሞ ነበር። አንተ ሂድ። አንቺ ጠብቂ።» ሁለት ዓመት ሙሉ መምረጥ ነውር ነው ብዬ ጽፌያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይላል። እጅ ስትዘረጊ ሰው ወደ ጎን ይሄዳል።

«ጣፈጠሽ አይደል?» አለች ሉባባ። ያኔ ደነገጥኩና ወረድኩ።

ወርጄ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅኩ፣ ከንዴቴ ብዛት ነው፦ «ከመካከላችሁ ዛሬ ጠዋት ሐነፍያው ውሃ ያወረደለት ማነው?»

ሉባባ አስተረጎመች። አንድ እጅ አልተነሳም። የተሰለፈው ሁሉ ያልዋሸበት ነገር ይሄ ብቻ ነበር።

ከኋላ አንድ ወጣት ወደ ፊት መጣ። ሙንተሲር ይባላል፣ መሐንዲስ ነው፣ ሥራ የለውም፣ የሰፈሩ የአገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። የተቀየመ ይመስላል።

«ለውሃው ስብሰባ ስጠራ ስጠራ የሚመጣው እኔና ወንድሜ ነን» አለኝ በእንግሊዝኛ። «አንቺ ምን ብለሽ ነው የጠራሻቸው?»

«አልጠራኋቸውም።»

«በቃ አትበትኛቸው» አለና ሰልፉ ፊት ቆመ። «ያላ፣ ተሰልፋችኋል፣ ቆማችኋል፣ እስከ ውሃ መሥሪያ ቤቱ መራመድ ምን ይከብዳል?»

ሰው ለድጎማ የለበሰውን እንደለበሰ ሄደ። ሰልፈኞቹ ጎማ ያቃጠሉበት ጋ ስንደርስ ተቃዋሚ መስለናቸው በጭብጨባ አሳለፉን። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያገኘነው ሰውዬ ትልቅ ካርታ ዘረጋ።

«በዚህ መንገድ ውሃ አለ። ይኸው፣ ይፈሳል» አለ በጣቱ።

«እንግዲያው ካርታውን አውሰንና እንታጠብበት» አለ ሙንተሲር።

ሰውዬው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ግቢው ሙሉ ሰው፣ ሁሉም ብጭቅጭቅ የለበሰ፣ አንዱ እግሩ የታሰረ። «ነገ ባለሙያ ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» አለ።

ዐም ኢድሪስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ኢንሻአላህ። በስንት ሰዓት?» አሉት። «ከሰዓት በኋላ» እስኪላቸው ድረስ አልተነሱም።

ማክሰኞ

ጠዋት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ «ደሃ» በሚለው ላይ አልተስማማንም፣ «በጣም ደሃ» ወደሚለው ተሻገርን። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ስመጣ መንገዱን አላውቀው አልኩ። ሌሊት አዲስ ወሬ ወጥቷል፦ መሥሪያ ቤቱ የሚጠግነው ሂሳብ ለሚከፍል፣ ለተከበረ ሰፈር ነው የሚል። እናም ግማሹ ሰው የዒድ ልብሱን ለብሷል። ግማሹ አላመነም፣ እንደተቀዳደደ ነው። ዲሾቹ ወደ ጣሪያ ተመልሰዋል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ፍሪጃቸውን መልሰው ሊለዋወጡ ሲሉ ተጣልተዋል፤ አንደኛው የሌላው የተሻለ ያቀዘቅዛል አልመልስም ብሎ። መብራት እኮ የለም።

ባለሙያው ብረት ዘንግ ይዞ መጣ። የዒድ ልብሱንም ቡትቶውንም አላየም። መሬት መሬት እያየ፣ ዘንጉን እየወጋ፣ ጆሮውን እየደፋ ሄደ። ሀጃ ሰዕዲያ በር ላይ ቆመ። አዲሱን የሲሚንቶ መቀመጫ፣ አበባ ያለበት ሰድር የተለጠፈበትን፣ በዘንጉ መታ መታ አደረገው።

«የመንገዱ የውሃ መክፈቻ እዚህ ስር ነው፣ ይሄ ሲሠራ ተዘግቷል» አለ። «ማነው ላዩ ላይ የሠራው?»

መንገዱ ሁሉ ወደ ሀጃ ዞረ።

ሀጃ መቀመጫውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ግንበኛው አንድ ብረት አለ ብሎኝ ነበር። አስቀያሚ ነው፣ ሸፍነው አልኩት» አሉ። «ይሄ አይሰበርም። ማታ ማታ የት ልቀመጥ ነው?»

ሙንተሲር ለመነ። ዐም ኢድሪስ ለመኑ። ባለሙያው «ባለቤቷ ካልፈቀደች እኔ ቤት አላፈርስም፣ ሌላ ሥራ አለብኝ» ብሎ ዘንጉን ትከሻው ላይ አደረገ። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ሉባባ ክንዴን ያዘችኝና አለፈችኝ። ሀጃ አሁንም የሉባባን የወለል መወልወያ ቶብ ነው የለበሱት፤ ለሁሉም ይሆናል ብለው መሰለኝ። ሉባባ እፊታቸው ቆመች። ድምጿ አልጮኸም፣ ሁሉም ግን ሰማ።

«ሀጃ፣ ነገ ወደ ዐማራት ልመለስ ነው። ዕቃዬን እያሰርኩ ነው። የለበስሽውን ቶብ ስጪኝ፣ የኔ ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ፋሻ ያሰረው ሰውዬ ነው። ከዚያ መንገዱ በሙሉ። ሀጃ ቶቡን ደረታቸው ላይ ጨመቁ፤ መንገድ ላይ አውልቀው አይሰጡ ነገር። ዐም ኢድሪስ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ በትሕትና፣ «ሀጃ፣ ትላንት ወላሂ ጠብታ የለኝም ብለሽ መሐላሽን ሰምተናል። ከሁላችንም የተጠማሽው አንቺ ነሽ። እንዴት እምቢ ትያለሽ?» አሉ።

ሀጃ ወደ ጣሪያቸው አዩ። ብርድ ልብሱ ነፋስ ገልጦት ታንከሩ እስከ ወገቡ ይታያል። ወደ ሉባባ አዩ።

«ውሃ የሌለው ክፍል ማን ይከራየኛል» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። ከዚያ ለባለሙያው፣ «ሰድሩን አንድ በአንድ ነቅለህ አስቀምጥልኝ። ሌላውን ስበረው።»

ሰድሩን አንድ በአንድ የነቀሉት የዒድ ልብስ የለበሱት ናቸው፤ መዶሻውን የያዙት ቡትቷሞቹ። ማንም አላከፋፈላቸውም፣ እንዲያው ሆነ። መክፈቻው ሲገኝ ዝጎ ተጣብቋል። ባለሙያው በመጨረሻ እግሩን ግድግዳ ላይ አድርጎ ሲጎትተው ውሃው መጀመሪያ በቧንቧው ሳይሆን በጉድጓዱ ነው የወጣው፣ ቡናማ ሆኖ፣ የሰው ቁመት ያህል። የዒድ ልብስና ቡትቶ ለየብቻ የሚታወቅበት ቀረ። ሀጃም ረጥበው ቆመው ሰድሮቻቸውን ይቆጥሩ ነበር። ማታ ወጥ በኪስራ፣ የነሱ ስስ እንጀራ ማለት ነው፣ ሠርተው ላኩልን። የኛ እንጀራ ይከብዳል፣ ኪስራ ደግሞ እጅ ላይ ይጠፋል፤ ሉባባ በእናቴ በርበሬ አጣፍጣው በላን። ቶቡም ከሳህኑ ጋር ታጥፎ መጣ። አልታጠበም።

ሮብ

አውሮፕላኑ ማታ ስለነበር ከመዝጊያው ስብሰባ በቀጥታ ሻንጣዬን ልወስድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ሐነፍያው እንደተከፈተ ነው፣ ሴቶቹ በየተራ ጀሪካን ይሞላሉ፣ ሀጃ ውጭ በራቸው ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ጉድጓዳቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የሚያልፉትን ሰዎች ይሰድባሉ። ሉባባ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ ናት። ስልኳ ጮኸ። ማዳሟ ነች። ሉባባ በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል አድርጋ አነሳችው፣ እጇን ከውሃው አላወጣችም። ማዳሟ ብዙ ተናገረች። ሉባባ ጠበቀቻት።

«ልብሱን ላኪው» አለቻት ስትጨርስ። «እኔ አልመጣም።»

ስልኩን እኔ ወስጄ ዘጋሁላት። ማጠቧን ቀጠለች።

«የናንተስ ስብሰባ ምን ላይ ደረሰ?» አለችኝ።

«አልተስማማንም።»

«በምን?»

«ደሃ ማለት ማን እንደሆነ።»

ከመዘፍዘፊያው ውስጥ አንድ ትልቅ አንሶላ አወጣችና አንዱን ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጠች። «ወደ ቀኝ ጠምዝዢው» አለችኝ። «አጥብቀሽ ያዢ። እኔ ወደ ግራ ነኝ።»